ነጭ ክንፍ ተርን ወይስ ባለሪዝ ተርን? ከሐዋሳ ሐይቅ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንት በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ከሚያሳርፉበት አጠገብ፣ ከውሃው በላይ ዝቅ ብለው የሚመላለሱ ትናንሽ ግራጫና ነጭ ወፎችን አይተው ሦስት ፎቶግራፎች ልከዋል። ይዘውት የነበረው የመስክ መምሪያ ወፎቹ ነጭ ክንፍ ተርን ወይም ባለሪዝ ተርን (ተርን ከውሃ በላይ እየበረረ የሚመገብ የወፍ ወገን ነው) ሊሆኑ እንደሚችሉ ቢጠቁማቸውም፣ ከመራቢያ ወቅት ውጭ ያለው የሁለቱ ሥዕል እጅግ ተመሳስሎባቸዋል። ጥያቄያቸው ሁለቱ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ላይ አብረው ይገኛሉ ወይ፣ የሚገኙ ከሆነስ ነጭ ክንፍ የተባለው ክንፉ ነጭ ሆኖ ካልታየ በምን ይለያል የሚል ነው።

ሁለቱም በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ይገኛሉ፤ በአንድ መንጋ ውስጥ ተደባልቀው መታየታቸውም የተለመደ ነው። ከተላኩት ፎቶግራፎች በመጀመሪያው ላይ ያለው ነጭ ክንፍ ተርን ነው፤ በሁለተኛው ላይ በእንጨት ምሰሶ ያረፈው ባለሪዝ ተርን ነው። ሦስተኛው ግን ዝርያው ሊለይ አይችልም፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። እዚህ ፍርድ ላይ የደረስኩት በአንድ ምልክት ብቻ ተመርቼ አይደለም። እነዚህን ሁለት ወፎች በአንድ ምልክት ለመለየት የሚሞክር ሰው በተደጋጋሚ ይሳሳታል። በራስ ላይ ያለው የጥቁር ቀለም አቀማመጥ፣ የጀርባና የጅራት መነሻ ቀለም፣ የምንቃር ርዝመት እና አበራረሩ አንድ ላይ ሲታዩ ግን በጥሩ ብርሃን የታየ ወፍ ሳይለይ የሚቀርበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ሁለቱ የረግረግ ተርኖች ከሚባሉት፣ በዓለም ላይ አራት ዝርያዎች ብቻ ካሉት ወገን ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ጥቁር ተርን እና በኒውዚላንድ ብቻ የሚራባው ጥቁር ግንባር ተርን ናቸው። የረግረግ ተርኖች እንደ ባሕር ተርኖች ከከፍታ ተወርውረው ወደ ውሃ መጥለቅን አያዘወትሩም፤ ምግባቸውን በአብዛኛው በበረራ ላይ ሳሉ ከውሃው ገጽ ለቅመው ያነሣሉ። ከጥቁር ግንባር ተርን በቀር፣ ጎጆአቸውንም ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ዕፅዋት ላይ ይሠራሉ። ነጭ ክንፍ ተርን የሚራባው ከምሥራቅ አውሮፓ ጀምሮ ሩሲያንና ካዛክስታንን አቋርጦ እስከ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና በሚደርስ ሰፊ ምድር ነው፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው በስደት ብቻ ነው። ባለሪዝ ተርንም ከደቡብ አውሮፓ እስከ እስያ የሚራቡ፣ ቅዝቃዜው ሲመጣ ወደ ደቡብ የሚወርዱ ወፎች አሉት። ከእነዚህ ሌላ ግን በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ፣ ለምሳሌ በኬንያና በታንዛንያ ረግረጎች፣ የሚራባ የአፍሪካ ንዑስ ዝርያም አለው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወራትን እንደ ማስረጃ ለሚጠቀም ተመልካች ትልቅ ትርጉም ስላለው ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በመራቢያ ላባቸው ሳሉ ሁለቱን ማምታታት ይከብዳል። ነጭ ክንፍ ተርን ራሱ፣ ጀርባው፣ ደረቱና ሆዱ ጥቁር ይሆናል፤ የክንፉ የላይኛው የፊት ክፍል ነጭ፣ ጅራቱና የጅራቱ መነሻም ጥርት ያለ ነጭ ነው። ከሥር ሲታይ የክንፉ የውስጥ ሽፋን ላባዎች ጥቁር ሲሆኑ ረጃጅሞቹ የመብረሪያ ላባዎች ፈዛዛ ግራጫ ናቸው። ባለሪዝ ተርን ደግሞ አናቱ ብቻ ጥቁር ነው፤ ከምንቃሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ማጅራቱ የሚዘልቀው ጉንጩ ነጭ፣ ደረቱ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ሆዱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ ነው። የክንፉ ውስጥ ግን በማንኛውም ወቅት ነጣ ያለ ነው። ይህን ወፍ እ.ኤ.አ. በ1811 ለሳይንስ የገለጸው ፒተር ሲሞን ፓላስ ከነጭ ክንፍ ተርንና በአውሮፓ ከሚታወቀው ተራ ተርን የተገኘ ድቅል ሊሆን ይችላል ብሎ ገምቶ ነበር። ግምቱ ትክክል ባይሆንም ከምን እንደመነጨ መረዳት አያዳግትም። ባለሪዝ ተርን በጥቁር አናቱ፣ በነጭ ጉንጩና በጠንካራ ምንቃሩ ወደ ባሕር ተርኖች፣ በጥቁር ሆዱና በአኗኗሩ ወደ ረግረግ ዘመዶቹ ያደላል። ወደ ባሕር ተርኖች የሚያደላው ይህ የአካል ቅርፁ የመራቢያ ላባው ከወለቀ በኋላም አብሮት ስለሚቆይ፣ ቀለም በማይረዳን ጊዜ የምንደገፈው በእርሱ ነው።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተመልካች እነዚህን ወፎች የሚያያቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት ስለሆነ፣ በመራቢያ ላባቸው አያገኛቸውም። በእነዚህ ወራት ሁለቱም ከላይ ግራጫ፣ ከሥር ነጭ፣ በራሳቸው ላይ ጥቂት ጥቁር ያለባቸው ናቸው፤ የነጭ ክንፍ ተርን የላይኛው ክንፍም ግራጫ ነው። የክንፉን የግራጫ ድምቀት መመዘን ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። የተርን የመብረሪያ ላባ አዲስ ሲበቅል ብርማ ልባስ ይኖረዋል፤ ልባሱ እያለቀ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ጥቁረት ይወጣል፤ ስለዚህ የአንዱ ዝርያ አሮጌ ላባ ከሌላው ዝርያ አዲስ ላባ የበለጠ ጠቁሮ ሊታይ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከራሱ ነው።

በነጭ ክንፍ ተርን ራስ ላይ ከዓይኑ ኋላ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ከዓይኑ መስመር በታች ይወርዳል፤ ወፉ በጆሮው ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ ያደረገ ይመስላል። አናቱ ላይም ጠቆር ያለ ጭረት ይኖራል፤ በአናቱ ጭረትና በጆሮው ነጠብጣብ መካከል ግን ብዙውን ጊዜ ነጭ ክፍተት ስለሚገባ፣ ነጠብጣቡ ለብቻው ተነጥሎ ይታያል። በባለሪዝ ተርን ላይ ጥቁሩ ከዓይኑ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ኋላ ይሄድና በማጅራቱ በኩል ካለው ጭረት ጋር ይጋጠማል፤ ከዓይን በታች እምብዛም አይወርድም። ግንባሩና የአናቱ የፊት ክፍል ነጭ ሆኖ ወደ ኋላ በጥቁር ጭረት ይደበዝዛል። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ያረፈውን ወፍ ራስ አጉልታችሁ ብትመለከቱ፣ ጥቁሩ ከዓይኑ ወደ ማጅራቱ ሳይቋረጥ ሲያልፍ፣ ከዓይኑ በታች ያለው ጉንጭ ግን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ሆኖ ሲቀር ታያላችሁ።

ቀጥሎ የሚታየው ከጀርባው መጨረሻ እስከ ጅራቱ ያለው ቦታ ነው፤ ለማሳጠር ወገብ ልበለው። የነጭ ክንፍ ተርን ወገብ ከመራቢያ ወቅት ውጭም ከጀርባው የነጣ ነው፤ ወፉ ዞሮ ጀርባውን ሲሰጥ በግራጫው ጀርባና በጅራቱ መካከል ነጣ ያለ መቀነት ይታያል። የባለሪዝ ተርን ወገብ ግን ከጀርባውና ከጅራቱ ጋር አንድ ወጥ ፈዛዛ ግራጫ ስለሆነ ዓይን የሚያርፍበት መለያ መስመር አይገኝም። ይህ ምልክት አስተማማኝ ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለበት። በቀትር ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ ነጣ ያለውን ሁሉ ወደ ነጭ ስለሚለውጠው፣ የባለሪዝ ተርን ፈዛዛ ወገብ ነጭ መስሎ ይወጣል። በዚህ ረገድ ከካሜራ ይልቅ በባይኖኩላር የሚያይ ዓይን የበለጠ ይታመናል፤ ካሜራ የሚጠቀም ሰው ብርሃኑን ሆን ብሎ ቀነስ አድርጎ ቢያነሣ ይሻላል።

በአካል መጠን ባለሪዝ ተርን ይበልጣል። ነጭ ክንፍ ተርን ርዝመቱ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 60 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ባለሪዝ ተርን ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም፣ ከ80 እስከ 90 ግራምም ሊመዝን ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲበሩ ይህ ልዩነት ይታወቃል፤ ለብቻው በሚበር ወፍ ላይ ግን ርቀትን በትክክል መገመት ስለማይቻል ብዙም አይጠቅምም። የምንቃሩ ቅርፅ የተሻለ ይረዳል። የነጭ ክንፍ ተርን ምንቃር አጭርና ቀጭን ነው፤ የባለሪዝ ተርን ረዘም፣ ጠንከርና ሾል ያለ ነው። ይሁን እንጂ በባለሪዝ ተርን ዘንድ የወንዱ ምንቃር ከሴቷ በግልጽ የሚረዝም በመሆኑ፣ የሴቷን ምንቃር ብቻ አይቶ ነጭ ክንፍ ነው ብሎ መደምደም የተለመደ ስሕተት ነው። በምሰሶ ላይ ያረፈ ወፍ ሲገኝ እግሩንም ማየት ተገቢ ነው፤ ባለሪዝ ተርን ረዘም ባሉ እግሮች ከፍ ብሎ ሲቆም፣ ነጭ ክንፍ ተርን ግን ሆዱ ከምሰሶው ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ ይላል።

አበራረራቸውን በቃላት መግለጽ አስቸጋሪ ቢሆንም ለልምድ ያለው ተመልካች ከሁሉ በፊት የሚታየው እርሱ ነው። ነጭ ክንፍ ተርን ቀላልና ቅልጥፍ ያለ ነው፤ አቅጣጫውን በድንገት ይለውጣል፣ ነፍሳትን ተከትሎ ወደ ላይ ይነሣል፣ መልሶም ወደ ውሃው ይወርዳል። ባለሪዝ ተርን ክንፉ ሰፋ ያለ፣ አመታቱም የተረጋጋ ነው፤ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ቀጥ ባለ መስመር ይሄድና አንድ ነገር ሲያይ ጥቂት ቆም ብሎ ይወርዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ዘመዱ እምብዛም የማያደርገውን አድርጎ፣ ከአነስተኛ ከፍታ ተወርውሮ አካሉን በከፊል ውሃ ውስጥ ያስገባል። ይህም ከምግባቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱም ነፍሳትን ቢመገቡም፣ ባለሪዝ ተርን ለትናንሽ ዓሦችና ለእንቁራሪቶች የተሻለ ምንቃር አለው፤ ነጭ ክንፍ ተርን ደግሞ ከውሃ ርቆ በእርሻና በሣር ሜዳ ላይ ፌንጣና አንበጣ እያደነ መዋሉ የታወቀ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ከዝዋይ ወይም ከላንጋኖ ራቅ ባለ የታረሰ መሬት ላይ የትናንሽ ተርኖች መንጋ ካያችሁ፣ ግምቱ ወደ ነጭ ክንፍ ማድላት አለበት። በፊላና በደንገል በተከበበ ጥግ፣ የውሃ ዕፅዋት በሸፈኑት ቦታ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሆነው የሚመላለሱትን ደግሞ ባለሪዝ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ይህ ግን የመነሻ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ፎቶግራፍ ልመለስ፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚያስተምረው እርሱ ነው። ወፉ ክንፉን ወደ ላይ ባነሣበት ቅጽበት ስለተነሣ የክንፉ ውስጥ በሚገባ ይታያል። ከደረቱ አጠገብ ባሉት የውስጥ ሽፋን ላባዎች መካከል፣ በነጩ ላይ የተበተኑ ጥቂት ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ ሆዱ ግን ገና ነጭ ነው። እነዚያ ነጠብጣቦች ቆሻሻ ወይም ጥላ አይደሉም፤ ወፉ ወደ ሰሜን ከመመለሱ በፊት እያወጣቸው ያሉ አዳዲስ የመራቢያ ላባዎች ናቸው። ሁለቱም ዝርያዎች ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ላባቸውን ይቀይራሉ፤ ጥቁሩ የሚወጣበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። በባለሪዝ ተርን ላይ ግራጫና ጥቁር እድፍ የሚጀምረው በሆድና በደረት ነው፤ የክንፉ ውስጥ እስከ መጨረሻው ነጣ ብሎ ይቀራል። በነጭ ክንፍ ተርን ግን የክንፉ ውስጥም አካሉም ይጠቁራሉ። ስለዚህ በክንፍ ሥር ያለ አንድ የማያጠራጥር ጥቁር ላባ ባለሪዝ ተርንን ከምርጫው ያወጣዋል፤ በዚህ ወር ከዚህ የሚበልጥ ምልክት የለም። ነጭ ክንፍ ተርኖች በነሐሴና በመስከረም ሲመጡም ያለፈው የመራቢያ ወቅት ጥቁር ላባ በክንፋቸው ሥር እዚህም እዚያም ተርፎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ይኸው ምልክት በዓመት ሁለት ጊዜ ያገለግላል።

በመስከረምና በጥቅምት ከሚመጡት መካከል የዚያው ዓመት ጫጩቶችም አሉ፤ እነዚህ ከአዋቂዎቹ የሚለዩ በመሆናቸው ጥቂት ልበልባቸው። የነጭ ክንፍ ተርን ጫጩት ጀርባው ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከግራጫው ክንፍና ከነጩ ወገብ ጋር በጎላ ሁኔታ ይነጻጸራል። የባለሪዝ ተርን ጫጩት ጀርባም ቡናማ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ላባ ፈዛዛ ጠርዝና ጥቁር ምልክት ስላለው ጀርባው ዥጉርጉር ይሆናል፤ ከወገቡ ጋር ያለው ንጽጽርም ደካማ ነው። ባለሪዝ ተርን ይህን ላባ ቶሎ ስለሚቀይረው፣ በኅዳር መጨረሻ ላይ ጀርባው ግማሹ ግራጫ የሆነ ወፍ ማየት ያልተለመደ አይደለም።

የወራትን ጉዳይ በተመለከተ፣ ነጭ ክንፍ ተርን በብዛት የሚታየው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያልጨረሱ አንዳንድ ወፎች ወደ ሰሜን ሳይመለሱ በሐይቆቻችን ላይ ይቆያሉ፤ እነዚህ በሰኔና በሐምሌ ጥቁር ላባ ሳይለብሱ፣ በተጎሳቆለ ግራጫ መልካቸው ሲታዩ ተመልካቹን ግራ ያጋባሉ። ከዚህ በተቃራኒ በሐምሌ ጥቁር አናትና ጥቁር ሆድ ይዞ የሚበር ባለሪዝ ተርን ብታዩ አትደነቁ፤ የአፍሪካው ንዑስ ዝርያ የሚራባው በአውሮፓ የቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአፍሪካ ዝናብ ተመርቶ ነው። «በዚህ ወር የመራቢያ ላባ ሊኖር አይችልም» የሚለው አነጋገር ለነጭ ክንፍ ተርን እንጂ ለባለሪዝ ተርን አይሠራም።

ሌሎች ተርኖች እንዳይቀላቀሉ ያህል፣ በአብያታና በላንጋኖ በብዛት የሚታየው፣ ወፍራም ጥቁር ምንቃር ያለው ነጭ ተርን ከሁለቱም እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ አብሮ ሲታይ አያሳስትም። ጥቁር ተርን ከመራቢያ ወቅት ውጭ ለነጭ ክንፍ ተርን በጣም ይቀርባል፤ ሆኖም በደረቱ ጎን፣ በክንፉ መጋጠሚያ ፊት ለፊት ጠቆር ያለ እድፍ አለው፤ በስደቱም በአብዛኛው ወደ ምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ስለሚያቀና፣ በእኛ ሐይቆች ላይ እርሱን አየሁ የሚል ሰው ያንን እድፍ በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ድምፃቸውን እዚህ አላነሣም፤ በስደት ላይ ሳሉ እምብዛም አይጮኹም።

ሦስተኛው ፎቶግራፍ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዞ የተነሣ ነው። ወፉ ከውሃው ብልጭታ በላይ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ራሱም ወገቡም አይነበብም፤ ምንቃሩም ወደ ካሜራው ስለዞረ ርዝመቱ አይለካም። ከአበራረሩ ቅርፅ የረግረግ ተርን መሆኑ እርግጥ ነው፤ ከዚያ አልፎ ስም መስጠት ግን ግምት ይሆናል። በማስታወሻችሁ ላይ «የረግረግ ተርን፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ማስታወሻ እንደ ጉድለት መቆጠር የለበትም። በየዓመቱ በጥር ወር አካባቢ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ ላይ የተርን መንጋ በጅምላ በአንድ ስም ሲመዘገብ፣ ጥቂት ባለሪዝ ተርኖች በብዙ ነጭ ክንፍ ተርኖች ውስጥ ተውጠው ይጠፋሉ፤ ያልተለየውን ያልተለየ ብሎ የመዘገበ ሰው ለቀጣዩ ተመራማሪ የሚጠቅም እውነተኛ መረጃ ትቶለታል።

የሐዋሳ ከተማ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ከከተማዋ ወደ ውሃው የሚመለከት ሰው ፀሐይ ከኋላው የምትሆንለት በጠዋት ነው። በዝዋይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የባቱ ከተማ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለሆነች፣ እዚያ የተሻለው ብርሃን ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ለጠያቂያችን የምመክረው በሚያዝያ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት፣ ማለዳ፣ እዚያው ዓሣ አስጋሪዎች አጠገብ እንዲመለሱ ነው። በዚያ ጊዜ የመንጋው ትልቁ ክፍል ጠቁሮ ስለሚገኝ፣ ከሩቅ የነጩ ጅራትና የጥቁሩ አካል ንጽጽር ብቻውን ነጭ ክንፎቹን ያስለያል፤ ነጭ ጉንጭ ያላቸውን ባለሪዞች ከመካከላቸው ነቅሶ ማውጣትም ይቀላል። ፎቶግራፍ ሲያነሡ ከእያንዳንዱ ወፍ ቢያንስ ሁለት ምስል ይያዙ፤ አንደኛው ክንፉ ወደ ላይ ተነሥቶ ውስጡ ሲታይ፣ ሌላኛው ወፉ ዞሮ ወገቡን ሲያሳይ።